ማንዶሊንና ቀኝ እጃችን

በተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ከያዙት ጓደኞቻችን መካከል ማንዶሊን የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ጥቂቶች ውስጥ መሣሪያውን ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ከአልጋ ሥር ሳያስገቡ የሚዘልቁት ከዚያ ያነሱ ናቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንዱ «ጣቴ አልታዘዝ አለኝ» ይላል፤ ሌላው «መሣሪያው ርካሽ ስለሆነ ይንጫጫል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሙዚቃ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ለእኔ አልተሰጠኝም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ጉዳዩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው ግን ከሦስቱ መልሶች አንዱም በሽታውን አልነካውም። ብዙውን ጊዜ በሽታው ያለው በቀኝ እጅ ላይ ነው።

ጀማሪ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በግራ እጁ ላይ ነው። ግራ እጅ ብዙ ጣት ያንቀሳቅሳል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ይሮጣል፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ የእርሱ ይመስላል። እውነቱ ግን ግራ እጅ የትኛው ድምፅ እንደሚሰማ ብቻ ይመርጣል። ድምፁ መቼ እንደሚወለድ፣ ምን ያህል እንደሚጎላ፣ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ እንደሚወጣና መቼ እንደሚሞት የሚወስነው ቀኝ እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ግራ እጅ ያለውን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ስለ ቀኙ ብቻ እንነጋገራለን። መሣሪያውን ገልብጠው የሚይዙ ግራኝ ጓደኞቻችን ቀኝ ያልነውን ሁሉ ግራ እያሉ እንዲያነቡልን እናሳስባለን።

1ኛ/ መሣሪያው ምን ይጠይቃል?

ማንዶሊን 8 አውታሮች አሉት፤ እነርሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው 4 መደብ ይሠራሉ። የሚቃኙት እንደ ቫዮሊን ነው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። የላ ጥንድ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ወፍራሙ ሶል 196 ጊዜ፣ ቀጭኑ ሚ ደግሞ ወደ 659 ጊዜ ይርገበገባል። የሚርገበገበው የአውታሩ ክፍል ርዝመት ከ33 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከጊታር አውታር ግማሽ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ለቀኝ እጅ ትልቅ ትርጉም አለው። በሀገራችን መሣሪያዎች ብናስረዳው ይቀላል። ማሲንቆ መጎተቻ አለው፤ መጎተቻው እስከ ተጎተተ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም። ዋሽንትም ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይዘምራል። ክራርና በገና ግን ተመትተው ይለቀቃሉ፤ ከተለቀቁ በኋላ ድምፁን መመለስ አይቻልም። ማንዶሊን የክራር ወገን ነው። አውታሮቹ አጭርና ቀጭን፣ እጅግም የተወጠሩ ስለሆኑ ድምፁ ብሩህ ሆኖ ይወጣል፤ ወዲያውም ይከስማል። በሚ ጥንድ ላይ የተመታ ድምፅ ዘፋኙ አንዱን ቃል ሳይጨርስ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ በቀኝ እጅ ፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቆማሉ። አንደኛው፦ አንድን ድምፅ እንዴት ጥርት አድርገን እንውለደው? ሁለተኛው፦ ቶሎ የሚሞተውን ድምፅ እንዴት እናቆየው? የማንዶሊን የአመታት ትምህርት በሙሉ ለእነዚህ ለሁለቱ የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱም በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቪቫልዲ (1678–1741) ለማንዶሊን ኮንቼርቶ በጻፈበት ዘመን መሣሪያው በአብዛኛው የአንጀት ጅማት ይወጠርበት ነበር፤ በጣት ወይም በወፍ ላባ አገዳም ይመታ ነበር። በ1768 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የታተመው የሌዎኔ የማስተማሪያ መጽሐፍ የቁልቁልና የሽቅብ አመታትን ሥርዐት አብራርቶአል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የናፖሊ መሣሪያ ሠሪዎች፣ በተለይም ፓስኳሌ ቪናቻ፣ የብረት አውታር እንዲችል አድርገው መሣሪያውን አጠነከሩት። ብረቱ ጠንካራ መምቻ ጠየቀ፤ ጠንካራው መምቻም ትሬሞሎ የሚባለውን ተከታታይ አመታት አስፋፋ። እንደ ራፋኤሌ ካላቼ (1863–1934) ያሉት የናፖሊ ባለሙያዎች ይህንን ጥበብ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሱት። እንግዲህ አመታቱ ከሰው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከአውታሩና ከመምቻው ጠባይ የመጣ ነው።

2ኛ/ መምቻውን ስለ መያዝ

ዛሬ ብዙዎች ፒክ የሚሉት መምቻ በጥንት ጊዜ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት ይሠራ ነበር። የኤሊዋ ዘር እንዳይጠፋ ዓለም አቀፍ ንግዱ ስለ ተከለከለ አሁን የሚሠራው ከፕላስቲክና ከመሳሰለው ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ስስ መምቻ ጥንዱን አውታር ሲገፋ ራሱ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ድምፁ ይዘገያል፤ ከድምፁም በፊት የፕላስቲኩ «ጠቅ ጠቅ» ይሰማል። ብዙ ሰው መሣሪያዬ ይንጫጫል ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያ ከመለወጥ በፊት መምቻ መለወጥ ለኪስም ይበጃል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሌባ ጣትን ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን፤ መምቻውን በታጠፈው ጣት ጎን፣ በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ እናጋድመዋለን፤ አውራ ጣትን ከላይ እናሳርፍበታለን። ከጣቶቹ መካከል ብቅ የሚለው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጫፉ ረዝሞ ከወጣ በአውታሮቹ መካከል ይሰነቀራል።

ጥንካሬው ምን ያህል ይሁን? ክብሪት ስንጭር እንጨቱን እንዴት እንደምንይዘው እናስብ። ካላላነው ይወድቃል፤ ከጨመቅነው ይሰበራል። ማንም ሳያስተምረን መካከለኛውን አውቀነዋል። መምቻም የሚያዘው በዚያው ልክ ነው። ኀይል ሲያስፈልግ ለቅጽበት ይጠብቃል፤ ወዲያው ይላላል።

እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ይምጣ። እጁን ታጥቦ ፎጣ ያጣ ሰው ውሃውን ሲያራግፍ አንጓው እንዴት እንደሚላላ ሁላችንም አይተናል፤ የምንፈልገው ያንን መላላት ነው። ክንዳችን በመሣሪያው ጠርዝ ላይ ቀለል ብሎ ይረፍ፤ ክርን ግን መጋዝ እንደሚጎትት ሰው ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስ። ትንሿ ጣት የመሣሪያውን ፊት በስሱ ብትነካ ጉዳት የለውም፤ እንደ ካስማ ከተተከለች ግን አንጓውን ታስረዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ካላመመ አይለመድም» ይላሉ። ይህ ስለ ግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ከሆነ ጥቂት እውነት አለው፤ ቆዳው እስኪጠነክር ድረስ ያቃጥላልና። ስለ ቀኝ ክንድ ከሆነ ግን አደገኛ ምክር ነው። በክንድ ወይም በአንጓ ላይ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም መቆርጠም ከተሰማ ወዲያው ማቆም ይገባል። ተወጥሮ የሚሠራ ጅማት ይቆጣል፤ አንዴ ከተቆጣም ለመዳን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ፈተና የሚጽፈውም ይኸው እጅ መሆኑን አንርሳ። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ እየመታን ሳለ ጓደኛችን ክንዳችንን በእጁ ይዳብሰው። እንደ እንጨት ከደረቀ ፍጥነቱን እንቀንስ።

3ኛ/ ቁልቁልና ሽቅብ

አመታት ሁለት ዐይነት ነው፤ ቁልቁልና ሽቅብ። ለአጻጻፍ እንዲመች ቁልቁሉን «ቁ»፣ ሽቅቡን «ሽ» እንበላቸው።

የመጀመሪያው ግዴታ የሁለቱን ድምፅ ማስተካከል ነው። ቁልቁል ሲመታ የእጅ ክብደት ያግዛል፤ መምቻውም ሁለቱን ጥንድ አውታሮች አቋርጦ ያልፋል። ሽቅብ ሲመታ ግን ሰነፍ እጅ አንዱን አውታር ብቻ ነክቶ ይመለሳል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ራሳችንን ለመፈተን የላን ጥንድ አንድ ጊዜ ቁልቁል፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ እየመታን ጓደኛችን ዐይኑን ጨፍኖ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይንገረን። ካወቀ ገና ነን፤ ከተሳሳተ ደርሰናል።

ሁለተኛው ግዴታ ጊዜን መጠበቅ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ እግራችን መሬት ሲመታ እጃችን ቁልቁል ይሄዳል፤ እግራችን ሲነሣ እጃችን ሽቅብ ይመለሳል። አንድ ምት ለሁለት ቢከፈል ቁ ሽ ይሆናል፤ ለአራት ቢከፈል ቁ ሽ ቁ ሽ። ዋናው ምሥጢር ግን ድምፅ በሌለበትም ቦታ እጅ አለመቆሙ ነው። በምቱ ላይ ድምፅ ኖሮ በመካከሉ ከሌለ፣ እጅ አውታሩን ሳይነካ በባዶ ሽቅብ ይመለሳል። እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ ሳያቋርጥ የሚወዛወዝ እጅ ጊዜ አይጠፋውም፤ በየድምፁ የሚቆምና የሚነሣ እጅ ግን ዘወትር እየዘገየ ወይም እየቀደመ ይኖራል።

ይህን ለመለማመድ ከውጭ ሀገር መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም። ሜጀር የሚባለውን የትዝታ ቅኝት ከሶል እንጀምር፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። በወፍራሙ ጥንድ ላይ በባዶው ሶል፣ በ2ኛው ፍሬት ላ፣ በ4ኛው ሲ ይገኛል። በሬ ጥንድ ላይ በባዶው ሬ፣ በ2ኛው ሚ፣ በ5ኛው የላይኛው ሶል ይገኛል። በላ ጥንድ ላይ በባዶው ላ፣ በ2ኛው ሲ፣ በ5ኛው ሬ። በመጨረሻም በቀጭኑ ጥንድ ላይ ባዶው ሚና በ3ኛው ፍሬት ሦስተኛው ሶል ይመጣል። በጠቅላላው 11 ድምፅ ነው።

ይህን ቁ ሽ ቁ ሽ እያልን ሳናዛንፍ ከወጣን አንድ ነገር እናስተውላለን። የቅኝቱ ድምፆች 5 ናቸው፤ 5 ደግሞ ጎደሎ ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሶል በቁ ከተመታ ሁለተኛው ሶል በሽ፣ ሦስተኛው እንደገና በቁ ይመታል። ያው ድምፅ በየዙሩ ከተቃራኒው ወገን ይመጣብናል ማለት ነው። ሽቅቡ ደካማ ከሆነ የቅኝቱ መነሻ ራሱ በየሁለተኛው ዙር ይከዳናል፤ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ከጥንድ ወደ ጥንድ በተሻገርን ቁጥር መምቻው አንዱን ጥንድ ሳይነካ መዝለል አለበት። እጅ ሰፊ ዝላይ እንዳይዘል፣ አንጓ ብቻ ጥቂት ዘንበል እያለ እንዲያሻግር፣ መጀመሪያ በጣም ዝግ ብሎ መጫወት ያስፈልጋል።

የምንመታበትም ቦታ ድምፁን ይለውጠዋል። ፊዚክስ የሚማሩ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት አውታር ሲርገበገብ ከዋናው ድምፅ ጋር ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። አውታሩን ልክ በወገቡ ብንመታው ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ድምፆች ይጠፋሉ፤ የቀረው ለስላሳና ክፍት ይሆናል። አውታሮቹ ወደሚያርፉበት እንጨት፣ በበገና ደርዳሪዎች አነጋገር ወደ በርኩማው፣ ስንጠጋ ቀጫጭኖቹ ይበዛሉ፤ ድምፁም ይሰላል። ለጀማሪ ከበርኩማው ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያለው ቦታ መልካም ነው። ከለመደ በኋላ ግን ያንኑ ዜማ መጀመሪያ ወደ ወገቡ፣ ቀጥሎ ወደ በርኩማው ጠጋ ብሎ ቢጫወተው ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ያህል ይለያያል።

4ኛ/ ስለ ጭክጭካ

ከላይ ያልነው ሕግ ምቱ ለሁለት ወይም ለአራት ሲከፈል ያለ ችግር ይሠራል። እስክስታ የሚያስመታው ጭክጭካ ግን ስድስት ትናንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው የሚመላለሱበት ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ቁ ሽ ቁ ሽ ቁ ሽ ነው። እጅ ሳያቋርጥ ስለሚወዛወዝ ለፍጥነት ይመቻል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሦስትዮሽ የሚጀምረው በሽ ስለሆነ፣ ካልተጠነቀቅን ጭክጭካው ጭክጭካነቱን ያጣል። ሁለተኛው ቁ ሽ ቁ፣ ቁ ሽ ቁ ነው። በእያንዳንዱ ሦስትዮሽ መግቢያ ላይ ቁ ስለሚወድቅ ትከሻ የሚነቀንቀው ኀይል ጎልቶ ይሰማል፤ ሆኖም ሁለት ቁ ተከታትለው ስለሚመጡ እጅ በፍጥነት መመለስን ይጠይቃል። የአየርላንድ ጂግ የሚባለውን ባለ ስድስት ምት ዘፈን የሚጫወቱ ማንዶሊን መቺዎች በአብዛኛው የሚመርጡት ይህን ሁለተኛውን ነው። እኛም ለዘፈን አጃቢ ስንሆን ሁለተኛውን፣ ፈጣን ዜማ ስናወጣ አንደኛውን ብንይዝ እንጠቀማለን። ሁለቱንም ማወቅ ግን ግዴታ ነው።

ማንዶሊን ከበሮም ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት አሜሪካዊው ቢል ሞንሮ (1911–1996) ናቸው። ብሉግራስ በሚባለው ሙዚቃቸው ውስጥ ከበሮ አልነበረም። ስለዚህ ባሱ በ1ኛውና በ3ኛው ምት ላይ ሲወድቅ ማንዶሊኑ በ2ኛውና በ4ኛው ላይ አውታሮቹን በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይመታል፤ ግራ እጅም ወዲያው ጣቶቹን ላላ አድርጎ ድምፁን ያፍነዋል። የሚቀረው አጭር «ቻክ» ብቻ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ክራርን በግርፍ የሚጫወት ሰው ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ ሲገርፍ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን አፍኖ የሚፈልገውን ይለቃል። ክራር የሚገርፍ ጓደኛ ያለው ተማሪ እንግዲህ ግማሹን ትምህርት በነጻ ሊያገኝ ይችላል።

5ኛ/ ስለ ትሬሞሎ

ትሬሞሎ ማለት አንዱን ድምፅ ቁ ሽ ቁ ሽ እያሉ በፍጥነት በመደጋገም የረዘመ ማስመሰል ነው። ማስመሰል ያልነው በምክንያት ነው፤ ድምፁ በእርግጥ ይቆራረጣል፤ ጆሮ ግን መቆራረጡ እኩል እስከ ሆነ ድረስ እንደ አንድ መስመር ለመቀበል ፈቃደኛ ነው። ስለዚህ የትሬሞሎ ውበት ያለው ከፍጥነቱ ይልቅ በእኩልነቱ ላይ ነው። እኩል ያልሆነ ፈጣን ትሬሞሎ የተበላሸ ደወል ይመስላል፤ እኩል የሆነ ዝግተኛ ትሬሞሎ ግን ይዘፍናል።

አለማመዱ በሒሳብ ይሁን። ሰዓታችንን ፊታችን አስቀምጠን በየሰከንዱ አንድ ምት እንቁጠር፤ በስልክ ላይ ሜትሮኖም ያለው 60 ላይ ያድርገው። መጀመሪያ በአንድ ሰከንድ 2 ጊዜ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻም 8 ጊዜ እንምታ። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆይ። ክንድ መድረቅ የጀመረበት ቁጥር የዛሬ ወሰናችን ነው፤ ወደ ታችኛው ደረጃ ተመልሰን እንጨርስ። እንቅስቃሴውም እየፈጠነ ሲሄድ እያነሰ ይሂድ፤ መምቻው ከጥንዱ አውታር ብዙ ሳይርቅ ይመላለስ።

አብዝቶ የሚታየው ስሕተት ግን ትሬሞሎን በሁሉም ቦታ መደረብ ነው። ድምፁ ሲሞት የሚፈራ ጀማሪ እያንዳንዷን ድምፅ ያንቀጠቅጣታል፤ ዜማውም ትንፋሽ ያጣል። ትዝታን የሚጫወት ሰው ይህን በተለይ ያስብበት። በዜማው መካከል ረዥሙን ድምፅ በትሬሞሎ መያዝ፣ ቀስ እያሉ ማጉላትና ማሳነስ ተገቢ ነው። አጫጭሮቹን ግን በነጠላ አመታት ማለፍ ይሻላል። የስንኙ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዴ ብቻ መትቶ እጅን አንሥቶ ድምፁ ራሱ እስኪከስም መጠበቅ ይቻላል። ያ መክሰም ጉድለት አይደለም፤ ማሲንቆ የማይሰጠን፣ ክራርና ማንዶሊን ብቻ የሚሰጡን ስጦታ ነው። የትኛውን ድምፅ እንደምናቆይና የትኛውን እንድንለቅ መምረጥ ነው ቀኝ እጅን ከመሣሪያ ሠራተኛነት ወደ ሙዚቀኛነት የሚያሻግረው።

6ኛ/ ለልምምድ የሚሆን ምክር

በቀን 20 ደቂቃ ለተማሪ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥም ይሻላል። 5 ደቂቃ በባዶ አውታር ላይ ቁልቁልና ሽቅብን ማስተካከል፤ 5 ደቂቃ የትዝታን ቅኝት ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት፤ 5 ደቂቃ ትሬሞሎ በሰዓት ቆጠራ፤ የቀረውን 5 ደቂቃ የሚወዱትን ዘፈን መጫወት። የመጨረሻውን መተው አይገባም፤ ዘፈን የሌለበት ልምምድ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

አብሮን የሚኖረው ጓደኛ ለፈተና ሲያጠና ደግሞ ትንሽ መሐረብ አጥፈን ከበርኩማው አጠገብ በአውታሮቹ ሥር እናስገባ። ድምፁ ይታፈናል፤ የቀኝ እጅ ሥራ ግን አንድም አይቀነስም። እንዲያውም የድምፁ ውበት ስለማያታልለን ምቱ እኩል መሆኑንና አለመሆኑን አጥርተን እንሰማለን።

ማንዶሊን ለሀገራችን ዘፈን ባዕድ ነው የሚል ካለ የአየለ ማሞን ስም እናስታውሰዋለን፤ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ማንዶሊንን ይዘው የታወቁ ሰው ናቸውና። መሣሪያው በናፖሊ፣ በአሜሪካና በአየርላንድ የተለያየ አነጋገር የተናገረው እጁን ያዘዙት ሰዎች ስለ ተለያዩ ነው።

«ለእኔ አልተሰጠኝም» ላለው ጓደኛችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጥሩ ጆሮ የተፈጥሮ ስጦታ ሊሆን ይችላል። መምቻን እንደ ክብሪት መያዝ፣ አንጓን ማላላት፣ ሽቅቡን ከቁልቁሉ ማስተካከልና በሰዓት መቁጠር ግን የስጦታ ጉዳይ አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ከአልጋ ሥር ያለው ማንዶሊን አቧራው ይራገፍ፤ አውታሩ ይቃኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም ግራ እጅ ዕረፍት ይውሰድና ቀኙ በባዶ አውታር ላይ ትምህርቱን ይጀምር።